በፈቃዱ የሚቀር መንገደኛ

መጋቢት 4፣ ሰኞ

ሙቀቱ ገባ። እኛ መሥሪያ ቤት የሙቀት መግባት የሚታወቀው በላብ ሳይሆን በስድብ ነው። አየሩ ሲግል አውሮፕላኑ ከነሙሉ ጭነቱ መነሳት ያቅተዋል፤ መንደርደሪያው አይበቃውም። ስለዚህ ጥቂት መንገደኞች ይቀራሉ። ትኬት መዝጋቢዋ እኔ ስለሆንኩ የሚቀሩትን የምመርጠው እኔ ነኝ፣ የምሰደበውም እኔ። ዛሬ አንዱ "መንደርደሪያውን በልታችሁታል" አለኝ።

መንደርደሪያውን ማንም አልበላውም። እንደ ድሮው ተዘርግቶ አለ። ያጠረው ከንቲባው ስታዲየም ካሠሩ ወዲህ ነው። የሩቅ ቡድኖች በአውሮፕላን እየመጡ ይጫወታሉ ተባለና ስታዲየሙ ከመንደርደሪያው ጫፍ ማዶ ተሠራ፤ ተጫዋቾቹ ከአውሮፕላን ወርደው በእግራቸው እንዲገቡ። ረጃጅም የመብራት ምሰሶዎች ቆሙለት። ምሰሶዎቹ በርተው አያውቁም፣ ትራንስፎርመሩ ገና መንገድ ላይ ነው። ቁመታቸው ግን ሳይበሩም ቁመት ነው። አብራሪው በላያቸው ለማለፍ ቶሎ መነሳት አለበት፣ ቶሎ ለመነሳት ደግሞ መቅለል አለበት። እስካሁን አንድም ቡድን አልመጣም።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ በሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ይቀራል። በሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት የሚጓዘው ደግሞ ባሌ ነው። አስቀረሁት።

ባሌ የሚሠራው ወደብ ከተማ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ። ዓርብ ማታ በእኛ ርካሽ አውሮፕላን ይመጣል፣ ሰኞ ቀትር በዚያው ይመለሳል። እኔ እዚህ ከእናቱ ጋር፣ እሱ እዚያ ከመለዋወጫው ጋር። አማቴ የወደብ ከተማ አየር ይታፈናል፣ ቤቴን ጥዬ አልሄድም ስላሉ ሰባት ዓመት እንዲሁ ኖርን። ሰው ሲጠይቀን ተስማምቶናል እንላለን። አውሮፕላኑ ካመለጠው ያለው አውቶቡስ ነው፤ ቀንና ሌሊት በተራራ መንገድ መንገጫገጭ። ነገ ጠዋት በሱ ይሄዳል።

አሁን ኩሽና ውስጥ ነው። መጋዘን ሲያደራጅ ስለሚውል ዕቃ ያለቦታው ሲያይ ያመዋል። ሁልጊዜ ቅዳሜ ኩሽናዬን እንደ መጋዘኑ ያደራጀዋል፤ ሁልጊዜ ሰኞ ማታ እኔ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ። ዛሬ ስላልሄደ መመለስ አልቻልኩም። ጨው የት እንዳስገባው አላውቅም።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ

ትናንትም ቀረ። ሙቀቱ የምር ሙቀት ነበር፤ ለማንም አላደላሁም።

ሰኞ ማታ ባል ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ብዙም ልዩነት የለውም። የእናቱን አልጋ እግር ጠገነ። ራዲዮ ሰማን። አማቴ የጎረቤታችን ውሻ ራሱ ጎረቤታችንን እንዴት እንዳባረረው ሲያወሩ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ተኛና ያንኮራፋ ጀመር። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃኛል ስል የነበረው በከንቱ አይደለም።

ጠዋት ለአውቶቡሱ ሲወጣ አማቴ በር ላይ ቆመው ሸኙት። እኔ ሥራ ስለነበረኝ አልቆምኩም። ትንሽ ነው የቆምኩት።

መጋቢት 18፣ ሰኞ

ሞቃት ነበር።

ጠዋት ደመና ነበር፣ አልክድም። አማቴ ብርድ ልብስ ደርበው ነው ቁርስ የበሉት። ቢሆንም ቴርሞሜትሩን የማነበው እኔ ነኝ። ያነበብኩትን ለአብራሪው በሬዲዮ እነግረዋለሁ፣ እሱ አስልቶ ስንት ሰው መቅረት እንዳለበት ይነግረኛል። የእኛ ቴርሞሜትር የተሰቀለው ጥላ ውስጥ ነው። ጥላ ደግሞ ያታልላል። ስለዚህ ትንሽ ጨመር አድርጌ ተናገርኩ። ለጥንቃቄ ነው። በጥንቃቄ የተጎዳ ሰው የለም።

አንድ ሰው ይቅር ተባለ። ደንብ ደንብ ነው።

አለቃችን፣ እኛ በሌሉበት አቶ ደንብ የምንላቸው፣ ቅጹን አዩና በመስኮቱ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሻንጣ ጫኙ ግን አፉ አያርፍም። ጉልበቱን አይተን ክሬን ያልነው ሰውዬ ነው። "ዛሬ አንዱ ወንበር ብርዱን ይዞ ባዶውን ሄደ" እያለ ለጥበቃው ሲያወራ ሰማሁት። ሥራውን ቢሠራ ምን አለበት።

ባሌ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ አውሮፕላኑ እስኪነሳ በመስታወቱ ሲያይ ቆየ። አላጉረመረመም። እንዲያውም ወደ ቤት ስንሄድ ዳቦ ቤት ገብተን ትኩስ ዳቦ ገዛን፤ መንገድ ላይ ግማሹን ጨረስነው።

መጋቢት 25፣ ሰኞ

ዛሬ ተራው ደርሶ መስኮቴ ላይ ሲቀርብ ትኬቱን ከነመታወቂያው አስቀመጠልኝ። አየሁት። ሙሉ ዋጋ።

የቤተሰብ ትኬት እያለው፣ እንደ ማንኛውም ባዕድ መንገደኛ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ገዝቷል። አሁን ደንቡ አይነካውም። በየሰኞው በመቅረቱ አለቃው ማስጠንቀቂያ እንደሰጠው ዓርብ ነግሮኝ ነበር። ገብቶኛል፣ እንጀራህ ነው ብዬው ነበር። ግን ሰው ከሚስቱ ቤት አንድ ቀን ላለማደር ይህን ያህል ይከፍላል ብዬ አላሰብኩም።

"መስኮት ዳር ነው መተላለፊያ ዳር?" አልኩት፣ ለሁሉም እንደምለው።

"መስኮት ዳር" አለኝ፣ ሁሉም እንደሚለው።

ሰጠሁት። በምትኩ መጨረሻ የመጡትን ሁለት ነጋዴዎች አስቀረሁ። እንደ ጉድ ሰደቡኝ። የልቤን ነበር የሚናገሩልኝ።

ማታ ኩሽናውን ወደ ነበረበት መለስኩ። ድስቶቹን ትንሽ ድምፅ እያሰማሁ ሳይሆን አይቀርም ያስቀመጥኩት፤ አማቴ ከክፍላቸው "ልጄ፣ ምን ወደቀ?" ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልወደቀም አልኳቸው።

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

አለቃችን ሁላችንን ሰበሰቡና ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣውን አነበቡልን። አየር መንገዱ ከዚህ ከተማ ይወጣል። የመጨረሻው በረራ ግንቦት 7 ነው። ምክንያቱ መንደርደሪያው ነው፤ እኛን የሚያህል ጨዋ ሕዝብ ጥለው በመሄዳቸው ልባቸው በጣም አዝኗል።

መሃል ላይ አንድ ነገር ነበረበት። "በደመናማ ቀን እንኳ መንገደኛ ለማስቀረት መገደዳችን" የሚል። አቶ ደንብ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቀና ሳይሉ ቶሎ አለፉት። ክሬን ግን ቀና ብሎ ነበር።

የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መቼም ሰበብ አያጡም። ስታዲየሙ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ለመውጣት አንድ እግራቸውን አንስተው ነበር። አንድ ደመናማ ሰኞ አየር መንገድ አያስወጣም።

አያስወጣም።

ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከንቲባው ስታዲየሙ የከተማችን ዓይን መሆኑን ለረጅም ሰዓት አስረዱን። አንድ ሰው ምሰሶዎቹ ቢቆረጡስ ብሎ ጠየቀ። አይቻልም ተባለ፤ ምሰሶዎቹ ገና አልተመረቁም፣ ያልተመረቀ ንብረት ደግሞ ከመዝገብ አይሰረዝም። እንዳይመረቁ አልበሩም። እንዳይበሩ ትራንስፎርመር የለም። ሁሉም ሰው ነገሩ ገባው፤ ደስ የሚል ስብሰባ ነበር።

በመጨረሻ ከንቲባው መፍትሔ አመጡ። ምሰሶዎቹ ለአብራሪው በደንብ እንዲታዩ ቀይና ነጭ ቀለም ይቀባሉ። ክሬን ከኋላ "አብራሪው እኮ አላየኋቸውም አላለም" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ከንቲባውም አብረው ሳቁ። ከዚያ የቀለም ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ክሬንም ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ። ቤቱ ሲሄድ ያጉተመትም ነበር።

ባሌ ዓርብ አልመጣም። ቆጠራ ላይ ነን ብሏል። መጋዘን ውስጥ ቆጠራ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቀው መጋዘን ኃላፊው ብቻ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ሐሙስ

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ሴቶች፣ ከኋላቸው መሆኔን ሳያዩ፦ "የሷ ባል እኮ በአውሮፕላን ነበር የሚመላለስ። አሁን እንግዲህ..."

እንግዲህ ምን? ዳቦው ወጣና ሳይጨርሱት ቀሩ። ቤት ድረስ እየጨረስኩላቸው ሄድኩ።

ማታ ደወልኩለት። በረራው ሲያበቃ ምን ታስባለህ አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። "እናያለን" አለኝ። እኔም እናያለን አልኩት። ከዚያ ስለ ውሃ ቧንቧው አወራን። ስለ ቧንቧ ብዙ የምንባባለው አለን።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ

አማቴ እራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እሳቸው ማንኪያ ሲያስቀምጡ ነገር አለ ማለት ነው።

"በአውቶቡስ አይመላለስም። ልጄን አውቀዋለሁ" አሉ። "አንድ ሁለቴ ይመጣል። ከዚያ ወር ይዘላል። ከዚያ ገንዘብ ይልካል።"

"እሱ ያውቃል እማዬ" አልኳቸው።

"ቅር በይው።"

ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው አልኳቸው። ቅር ማለት ምን ይከብዳል፣ በአፍ የሚባል ነገር ነው። በየሰኞው በማይክሮፎን ለስንቱ ባዕድ ትቀራላችሁ ስል እውላለሁ። ለሱ ብዬ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ አይሆንም ካለኝስ? አሁን እኮ ገና አይሆንም አላለም። ያላለውን ነገር ይዤ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ትንሽ ልቆይበት።

ፈርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ የቀለለኝ ነገር የለም።

ሚያዝያ 25፣ ረቡዕ

ሩጫ። ዕቃ ማስረከብ። አየር መንገዱ ወንበሮቹን ይወስዳል፣ ሚዛኑን ይተዋል። አንድ የአውቶቡስ ድርጅት አዳራሹን ተከራይቷል፤ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ በኔው መስኮት የአውቶቡስ ትኬት ይሸጣል። ሥራውን ትወጃለሽ ወይ አሉኝ። አውቶቡስ በሙቀት ምክንያት ሰው ያስቀራል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀልደኛ ነሽ ብለው ቀጠሩኝ።

ግንቦት 4፣ ዓርብ

መጣ። ቆጠራው አልቋል። ትልቁን ሻንጣ ነው የያዘው። ሚዛን ላይ እንዳላወጣው እጄን ያዝኩ፤ ለገቢ መንገደኛ ሚዛን የለንም።

የመመለሻ ትኬቱን አየሁት። ሰኞ፣ ሙሉ ዋጋ።

ግንቦት 6፣ እሁድ

ኩሽናውን ሲያደራጅ ዋለ። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብዙ ቆየበት። ቅመሙን ሁሉ በየጣሳው እየገለበጠ ስም ጻፈበት፣ መደርደሪያውን ከፍ አድርጎ መታው፣ የእናቱን መድኃኒት እጃቸው የሚደርስበት አደረገው። ሰው ቤቱን ሲሰናበት እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ አሰብኩ። አማቴ ከበሩ ሆነው አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያዩ ነበር። ቡና ልጨምርልህ ወይ አልኩት። እሺ አለ። ውይይታችን ይኸው ነበር።

ግንቦት 7፣ ሰኞ

ከተማው በሙሉ ወጥቷል። በሕይወቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ሁሉ አውሮፕላኑ ሲሄድበት ሊያዝን መጣ። ምሰሶዎቹ ተቀብተዋል፤ ቀይና ነጭ፣ የክሬን ኮሚቴ ሥራ። ያምራሉ። ከንቲባው ከፊታቸው ቆመው ፎቶ ተነሱ።

ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ያነበብኩትን ተናገርኩ፣ አልጨመርኩም። አብራሪው አንድ ሰው ይቅር አለ። በቤተሰብ ትኬት የሚሄድ ማንም የለም። እንደዚያ ሲሆን ደንቡ መጀመሪያ ፈቃደኛ ይጠየቅ ይላል፤ ከጠፋ መጨረሻ የመጣው ይቀራል። መጨረሻ የመጣችው ለፈተና የምትሄድ ተማሪ ነበረች፤ ገና ሳይነገራት ማልቀስ ጀምራለች።

ማይክሮፎኑን አነሳሁ። "በፈቃዱ የሚቀር መንገደኛ ካለ፣ አየር መንገዳችን በሚቀጥለው በረራ ነፃ ትኬት ይሰጣል።" አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ። የሚቀጥለው በረራ በነበረበት ዘመን እንኳ አንድ ሰው በፈቃዱ ሲቀር አላየሁም።

ባሌ ከወንበሩ ተነሳ። ውሃ ሊገዛ መስሎኝ ነበር። መስኮቴ ድረስ መጣና የመሳፈሪያ ካርዱን ፊቴ አስቀመጠው።

"እኔ ልቅር" አለ።

"ሙሉ ዋጋ ከፍለሃል እኮ" አልኩት።

"ሙሉ ዋጋ የከፈልኩት ማንም እንዳያስቀረኝ ነው። ከቀረሁ በራሴ ልቅር ብዬ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያን ሰኞ ሹራብ ለብሼ ነበር እኮ።"

ፊቴ ጋለ። ቴርሞሜትሩ ጥላ ውስጥ ነው የተሰቀለው አልኩት። አውቃለሁ አለ። ቅር ትለኛለች ብዬ አፍሽን አፍሽን ሳይ፣ አንቺ ደንብ ታነቢልኛለሽ አለ። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ምን እንደምንጨቃጨቅ ሊሰማ አንገቱን አስግጓል።

"ቅር" አልኩት።

እንደ ማስታወቂያ ነው የወጣልኝ፤ ለምዶብኝ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ ተማሪዋም ዕንባዋን ሳትጠርግ እየሮጠች ገባች።

አቶ ደንብ መጡ። የነፃ ትኬቱ ቅጽ መሞላት አለበት አሉ፤ ደንብ ነው። የሚቀጥለው በረራ ቀን የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ብዕሩን ከእጄ ወስደው "ወደፊት ይገለጻል" ብለው ጻፉበትና ማኅተም መቱበት። በዚህ መሥሪያ ቤት የመቱት የመጨረሻው ማኅተም እሱ ሆነ። ባሌ አጥፎ በሸሚዝ ኪሱ ከተተው። መቼ ነው የምሄደው ብሎ ጠየቀኝ። ትራንስፎርመሩ ሲመጣ አልኩት።

አውሮፕላኑ በምሰሶዎቹ ላይ አለፈ፣ በደህና። ሰው አጨበጨበ። እኔ ሳያስመዝን ይዞት የዋለውን ሻንጣውን ለማንሳት ሞከርኩ፤ ባዶ ነበር። ያመጣውን ሁሉ ቤት ትቶታል። ስንት ዓመት ሻንጣ ስመዝን ኖሬ፣ ይህን አንዱን ሳላነሳው ማለፌ ይገርመኛል።

ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

መጋዘኑን ሊያስረክብ በአውቶቡስ ሄደ። በሳምንት ይመለሳል። ዛሬ ሥራ ስለሌለኝ በር ላይ ቆምኩ፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ። አማቴ ቀድመውኝ ገቡ።

ግንቦት 15፣ ማክሰኞ

ሳምንት ሞላው። አልደወለም። የተራራው መንገድ ላይ ስልክ አይሠራም ይላሉ። የወደብ ከተማው ላይ ግን ይሠራል።

ኩሽናውን ወደ ነበረበት ልመልስ ገባሁ። ቆሜ አየሁት፣ የእጅ ጽሑፉን በየጣሳው ላይ። ትቼው ወጣሁ። ጨው የሚል ጣሳ ግን የለም፤ ያንን ብቻ ረስቶታል። እራት ያለ ጨው በላን። አማቴ እስከ መጨረሻው በሉ።

ግንቦት 21፣ ሰኞ

ዛሬ አዲሱን ሥራ ጀመርኩ። በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሚዛን። ክሬን ሻንጣ የሚጭነው አሁን የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው፤ ቀለም ኮሚቴው ግን አልፈረሰም፣ በየሳምንቱ ይሰበሰባል። አውቶቡስ ማንንም አያስቀርም። ልጅ በጉልበት፣ ዶሮ በእግር ሥር፣ ሁሉም ይሄዳል። ማንም አልሰደበኝም፤ ቀኑ ረዘመብኝ።

ቤት ስገባ አማቴ በር ላይ ቆመዋል፣ ፊታቸው በርቷል። ከኋላቸው የኩሽና ጩኸት ይሰማል። ቀትር ላይ በጭነት መኪና ከነአልጋው መጥቷል። ጉሮሮውን አቧራ ዘግቶት ድምፁ አይወጣም። ተኪው ሰውዬ ቆጠራ አያውቅም ነበርና ሲያስተምረው ነው የቆየው፤ ስልኩን ደግሞ ከመለዋወጫ ጋር ቆጥሮ አስረክቦታል። አመንኩት። እሱን የሚያውቅ ሁሉ ያምነዋል።

እራቱን እሱ ሠራ። ጨው በጣም በዝቶበታል። ሦስታችንም ጨርሰን በላን፣ ውሃ በላይ በላዩ እየጠጣን።

አሁን ያንኮራፋል። ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ሰኞ ነው።